የመኪናዎን ኤሲ ከማስፈታትዎ በፊት፦ ጋዝ መኖሩን በምን ያረጋግጣሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኤሲ የሚፈታበት ምክንያት ብዙ ነው። ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ፓምፕ) ተቆልፎ ቺንጋ የሚበላበት መኪና አለ። ከፊት ተመትቶ ኮንደንሰሩና (ጋዙን አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርገው) ራዲያተሩ አብረው የተጣመሙበት አለ። ሞተር ሊቀየርለት የገባ፣ ወይም ለመለዋወጫ ሊሸጥ የሚበተን አለ። በሁሉም ላይ ግን ከመፍቻው በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ቱቦው ውስጥ ጋዝ አለ ወይስ የለም? ካለስ ምን ዓይነት ነው? ከሶማሌ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት፣ ከሜክሲኮ እስከ ጎተራ ባሉ ጋራዦች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ይገምታል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ደግሞ እየመዘነ ያወጣል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጋዙን ስቦ በራሱ ሲሊንደር ውስጥ የሚያስቀምጥና የሚመዝን ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኙ ሌላ መንገድ አይፈልጉ። ያንን እስኪያገኙ ድረስ ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ጥሩ መረጃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያነብበት መንገድ ስህተት ነው። የጋዝ መሙያ አፉን ቫልቭ እምብርት በካቻቢቴ ተጭኖ ማስተንፈስ ግን በምርጫነት ሊቀርብ አይገባውም።

ይህን ያህል የምጠነክረው ጉዳቱ የእውነት ስለሆነ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የሚባለው ጋዝ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። በግፊት ተይዞ ፈሳሽ የሆነው ጋዝ በተላላ ብሎን በኩል ሲያመልጥ የነካውን ቆዳ በቅጽበት በብርድ ያቃጥለዋል፤ ዓይን ላይ ካረፈ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ከአየር ስለሚከብድ ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ አየሩን ያስለቅቃል፤ ከታች የሚሠራው ልጅ ሽታ እንኳ ሳይሰማው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የብየዳ ነበልባል ካገኘው ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ትነት ይሆናል። በእኛ ከተማ በያጁና መካኒኩ ግድግዳ ተጋርተው፣ አንዳንዴም ያለ ግድግዳ ስለሚሠሩ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። አካባቢንም ይጎዳል። የአንድ ኪሎ ግራም አር-134ኤ ሙቀት የማፈን አቅም በመቶ ዓመት ሲሰላ ከ1,430 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚይዝ የቤት መኪና ጋዙ ቢለቀቅ ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሲሻሻል እንዲህ ያሉ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ የተወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፈታቱ ራሱ የግድ ነው?

ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ አንዳንዴ አለመክፈት ነው። ሞተር ለማውረድ ወይም ጓርኒሲዮን ለመቀየር የገባ መኪና ላይ ኮምፕሬሰሩን ከነቱቦዎቹ ከማሰሪያው ፈትቶ ወደ ጎን ማሰር በብዙ ሞዴሎች ይቻላል። ቱቦው ክብደት እንዳይሸከም በሽቦ ወይም በገመድ ከሻንሲው ጋር ማንጠልጠል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጋዙ ባለበት ይቀራል፣ መሙያ አይከፈልም፣ የሚለካም ነገር አይኖርም። ድምፅ የሚያሰማው የፑሌው ኩሽኔታ ብቻ ከሆነም ብዙውን ጊዜ ጋዙ ሳይነካ ይቀየራል።

“አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል?” ብለው ለዘለቄታው ሊያስወግዱት ያሰቡ ካሉም ክረምቱን ያስታውሱ። በሐምሌ ዝናብ፣ አራት ሰው በተቀመጠበት መኪና፣ የፊት መስታወቱን ከጉም የሚያጠራው በኤሲው ውስጥ አልፎ እርጥበቱ የተቀነሰው አየር ነው። ይህን ጥቅም አውቀው ከወሰኑ ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ሳይነኩ ማየት

ምንም መሣሪያ የማይፈልገው መንገድ ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ሊጀምርበት ይገባል። ማንም ግን ሊጨርስበት አይገባም።

ኮፈኑን ሲከፍቱ የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም የሚገልጽ ተለጣፊ ወረቀት ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ስር ወይም ከራዲያተሩ በላይ ባለው ብረት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች አር-12 ይዘው የወጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት አር-134ኤ፣ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ ይይዛሉ። የመሙያ አፎቹም ይለያያሉ። የአር-12 አፍ ጥርስ ያለውና የሚጠመዘዝ ነው። የአር-134ኤ በአንድ ግፊት የሚገጠም ሲሆን የዝቅተኛው ግፊት አፍ 13፣ የከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ አንድ ነገር፣ አፉ ሌላ ነገር የሚናገር ከሆነ መኪናው በመሃል ጋዝ ቀይሯል ማለት ነው፤ ያኔ ወረቀቱን አይመኑት።

ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን ሲከፍቱ የኮምፕሬሰሩ ክላች “ቀጭ” ብሎ ከያዘና ቱቦው ከቀዘቀዘ ጋዝ አለ፤ በዚህ ጥርጥር የለም። አለመያዙ ግን ባዶ መሆኑን አያረጋግጥም። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የተቃጠለ ክላች ወይም የተበላሸ የግፊት መቆጣጠሪያ ያው ዝምታ ይሰጥዎታል፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ተቀምጦ ይሆናል። “ኤሲው አይሠራም፣ ስለዚህ ባዶ ነው” የሚለው አባባል በጋራዦቻችን ውስጥ የማውቀው በጣም አደገኛ አባባል ነው። አዳዲሶቹ ኮምፕሬሰሮች ብዙዎቹ ክላች ስለሌላቸው ድምፁም አይሰማም። በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ካዩ ጋዝ ሲያፈስ እንደነበረ ይጠቁማል፤ አልቋል ማለት ግን አይደለም።

በካቻቢቴ መጫን

ብዙ ቦታ የሚደረገው ይህ ነው፤ ፈጣንና ነጻ ስለሚመስል። ጋዙ ወደ አየር ይለቀቃል፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይትም አብሮ ይረጫል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መልሱ ራሱ ያታልላል። ጋዝ ሲያመልጥ የቀረው ፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ የማፏጨቱም ድምፅ ይሞታል። ሰውየው “አለቀ” ብሎ ቱቦውን ይፈታል። ድራየሩ (የጋዙን እርጥበት የሚይዘው ዕቃ) ውጪው በውርጭ ተሸፍኖ ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ አለ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲሞቅ ግፊቱ ተመልሶ ይነሳል፤ ያኔ የመካኒኩ ፊት የተከፈተው ቱቦ አጠገብ ነው። ባለመኪና ከሆኑ ይህ ሲደረግ “ቆይ” የማለት መብት አለዎት።

ጌጅ፦ የሚነግርዎትና የማይነግርዎት

ሰማያዊና ቀይ ቱቦ ያለው ጌጅ በከተማው መሃል ባሉ የኤሲ ሠራተኞች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል። አጠቃቀሙ ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ያደረ መኪና ላይ፣ በጥላ ስር ይለኩ። የዓይን መከላከያና ጓንት ያድርጉ። የጌጁ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ሰማያዊውን “ኤል” ወደሚለው፣ ቀዩን “ኤች” ወደሚለው አፍ ይግጠሙ። ቢጫው ቱቦ አፉ የተዘጋ ይሁን። ሞተሩ ስለጠፋ ሁለቱም መርፌዎች ተመሳሳይ ቁጥር ማሳየት አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽረው ላይ ነው። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ፈሳሽና ጋዝ አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ብቻ ነው። በመጽሐፍና በጌጁ ፊት ላይ የታተመው ሰንጠረዥ ደግሞ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ 14.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲጫን እዚህ የሚጫነው ወደ 11 ገደማ ነው። ጌጅ የሚቆጥረው ከውጪው አየር ተነሥቶ ስለሆነ ያው ጋዝ በያው ሙቀት እዚህ ወደ 3.5 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይነበባል። ለአር-134ኤ በከተማችን ሊጠበቅ የሚገባው በ10 ዲግሪ 49፣ በ15 ዲግሪ 60፣ በ20 ዲግሪ 72፣ በ25 ዲግሪ 85 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በኅዳር ጠዋት ብርድ ለክቶ 50 ሲያይ “ግማሹ አልቋል” ሊል ይችላል፤ ጋዙ ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ “ሊሆን ይችላል” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጌጅ መጠን አይናገርም። የማዕድ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እሳቱ ያው እንደሆነና መጉደሉ የሚታወቀው ሲመዘን ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ የኤሲ ቱቦም መቶ ግራም ይዞ አምስት መቶ ግራም ከያዘው ጋር አንድ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ዓይነትም አይናገርም። በ20 ዲግሪ አር-12 ከአር-134ኤ ጋር ያለው ልዩነት አንድ ፒኤስአይ አይሞላም፤ አር-1234ዋይኤፍም የሚበልጠው በሦስት ገደማ ብቻ ነው። በመርፌ አይለዩም።

እንግዲህ ንባቡን እንዲህ ይረዱት። ከላይ ከጠቀስኩት ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ፈሳሽ ጋዝ አለ፤ በምንም መንገድ አይፈታም። ከዚያ በግልጽ ካነሰ፣ ለምሳሌ በ20 ዲግሪ 30 ፒኤስአይ ከሆነ፣ የቀረው ትነት ብቻ ነው። ክብደቱ ጥቂት አሥር ግራም ቢሆንም ዘይት ይዞ ፊት ላይ ለመርጨት ይበቃል፤ ይህም በማሽን መውጣት አለበት። በግልጽ ከበለጠ አየር ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል ብለው ይጠርጥሩ። ሁለቱም መርፌዎች ዜሮ ላይ ከሆኑ ባዶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከፊት ተመትተው ኮንደንሰራቸው የተቀደደ መኪኖች ላይ የሚታየው ይህ ነው። ነገር ግን አንዱ ብቻ ዜሮ ቢሆን አይቀበሉት፤ ማያያዣው እምብርቱን ሳይጫነው ቀርቶ ወይም ቫልቩ ተጣብቆ ይሆናል። ነቅለው እንደገና ይግጠሙ።

ተቀባይ ማሽን

ይህ ማሽን ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ጋዙን ከመኪናው ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ያስገባል፣ ስንት ግራም እንደወጣም ይናገራል። አንድ ጊዜ ስቦ መጨረስ የለበትም፤ በዘይቱ ውስጥ የተሟሟው ጋዝ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ማሽኑ ቆሞ ደቂቃዎች ሲጠብቅ ግፊቱ እንደገና ይነሳል፤ ከዚያ ዳግም ይሳባል። ግፊቱ ተመልሶ ካልተነሳ ነው “ባዶ ሆነ” የሚባለው። የወጣውን ግራም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ለትንሽ የቤት መኪና ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ይላል። 450 ሊወጣ ሲገባው 150 ከወጣ መኪናው ቀድሞም ያፈስ ነበር፤ መልሰው ሊያስገጥሙት ካሰቡ ቀዳዳው ሳይገኝ አይግጠሙት። ከማሽኑ አብሮ የሚወጣውን ዘይት መጠንም ያስጽፉ፤ መልሶ ሲሞላ ያ ያህል ይጨመራል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። “ማሽን አለን” የሚል ጋራዥ ሁሉ ይህን ማሽን የለውም። ብዙዎቹ ያላቸው የቫኪዩም ፓምፕ ነው። የቫኪዩም ፓምፕ ባዶ የሆነን ቱቦ ከአየርና ከእርጥበት ለማጽዳት የተሠራ ነው፤ ጋዝ ያለበት ቱቦ ላይ ከተገጠመ ጋዙን በጭስ መውጫው በኩል ጋራዡ ውስጥ ይተፋዋል፣ ራሱም ይበላሻል። መለያው ቀላል ነው። ተቀባይ ማሽን ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሲሊንደር አብሮት አለ። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት “ወንድሜ፣ ጋዙ የት ይገባል? ስንት ግራም እንደወጣ ይነግሩኛል?” ብለው ይጠይቁ። የሚመልስልዎት ሰው ሥራውን ያውቃል። ሲሊንደሩ አንዴ ተሞልቶ የሚጣለው ዓይነት ከሆነ ግን አይስማሙ፤ ያ ሲሊንደር ተመልሶ እንዲሞላ አልተሠራም። የሚሞላውም ከ80 በመቶ በላይ መሆን የለበትም።

የእኛን ከፍታ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። የጥገና መጽሐፉ ቫኪዩሙ (ፓምፑ አየሩን ስቦ የሚፈጥረው ባዶነት) 29 ኢንች ሜርኩሪ ይድረስ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ እንኳ የሚያሳየው ከ22 እስከ 23 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጎተት አየር የለም። ፓምፑ ደከመ ተብሎ አዲስ እንዳይገዛ።

የጋዙን ዓይነት መለየት

የጋዝ መለያ መሣሪያ ጥቂት ቦታ ብቻ ያለ ነው፤ ለሁሉም መኪናም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ታሪኩ ለማይታወቅ መኪና ነው። በአንዳንድ ቦታ ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀለበት ጋዝ በአር-134ኤ ፈንታ ይሞላል፤ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ይቀጣጠላል። እንዲህ ያለውን ተራ ማሽን ላይ ማገናኘት ማሽኑን፣ በውስጡ ያለውን ንጹሕ ጋዝና ሠራተኛውን አደጋ ላይ ይጥላል። በዓለም ገበያ አር-134ኤ ተብለው የተሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ሜቲል ክሎራይድ የተገኘባቸው ሲሊንደሮችም ታይተዋል፤ ያ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋህዶ አየር ሲያገኝ የሚቀጣጠል ውህድ ይፈጥራል። ጌጁ ከሚጠበቀው በላይ ካነበበ፣ ወይም የቀድሞው ባለቤት “ርካሽ ጋዝ አስሞላሁ” ካለ፣ መለያው እስኪገኝ መኪናውን ሳይነኩ ማቆየት ይሻላል።

የትኛው ለየትኛው መኪና

ታሪኩን ለሚያውቁት ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ፦ ወረቀቱን አንብበው በቀጥታ ወደ ተቀባይ ማሽን ይሂዱ። ለተመታ መኪና፦ በጌጅ ሁለቱንም በኩል ይለኩ፤ ዜሮ ከሆነ ማሽን አያስፈልግም። ለመበተን ለተገዛ አሮጌ መኪና፦ አር-12 ሊኖረው ስለሚችል ከሌላ ጋዝ ጋር በማይቀላቀል፣ ለብቻው በተዘጋጀ ሲሊንደር ይውጣ፤ ይህ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን የሚበላው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናን ለብቻው ላንሣ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማው በዝተዋል። ኮምፕሬሰራቸው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት፣ በብርቱካናማ ገመድ የሚሠራ ነው። የሚወስደው ዘይት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው፤ በነዳጅ መኪና ሲሠራ በዋለ ማሽን ቱቦ ውስጥ የቀረ ዘይት እንኳ ሊያበላሸው ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ያው ጋዝ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ኤሲውን አስወግዶ መንዳት አይቻልም። በአንዳንድ አውሮፓ ሠራሽ ሞዴሎች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ ግፊቱ ከ100 ባር ስለሚያልፍ የተለመደውን ጌጅ ማገናኘት ፍንዳታ መጥራት ነው። ለእነዚህ የከፍተኛ ቮልት ሥልጠና ያለው ጋራዥ ብቻ።

ብሎኑ ሲፈታ

ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም የመጀመሪያው ብሎን ግማሽ ዙር ብቻ ተላልቶ ይቆይ፤ ፊት ዞር ይበል፣ መከላከያ መነጽሩም አይውለቅ። ምንም ካልተነፈሰ ይቀጥሉ። ቱቦው እንደተላቀቀ አፎቹ ሁሉ በፕላስቲክ ክዳን ወይም በንጹሕ ላስቲክና በፕላስተር ወዲያው ይታሸጉ፤ ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ያገኘ ኮምፕሬሰር ደግሞ ሶማሌ ተራ ተሸጦ ሌላ መኪና ላይ ሲገጠም ዕድሜ አይኖረውም። መልሶ የሚገጠም ከሆነ ኦሪንጎቹና (የመገጣጠሚያ ላስቲክ ቀለበቶች) ድራየሩ አዲስ ይሁኑ። የወጣውን ግራም፣ የዘይቱን መጠንና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ስር ይለጥፉት፤ ቀጣዩ መካኒክ ሥራውን ሲጀምር የሚያነበው እሱን ነው።